አገልግሉ ሲመለስ

ከይጁቤ በታች፣ ከቤታችን
ታኅሣሥ 6 ቀን 1931 ዓ.ም.

ለእታለም ሥራነሽ አዳሙ፣ ሉማሜ

እንደምን ከረምሽ? ሆድሽ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ፣ በሬዎቹ ደህና ናቸው፣ ቡሬዋ ላም ወልዳለች። ሰላምታዬ እዚህ ላይ አለቀ፤ ቀለሙ ጥቂት ነው፣ እሱንም የለመንሁት ከቄሱ ነው። ጽሕፈቴ ቢጣመም እንዳትስቂ። ዳዊት ሳልደግም የወጣሁት ሰንፌ እንዳይመስልሽ፤ የኔታ ሊገርፉኝ ሲሉ አለንጋቸውን ስለነጠቅኋቸው ነው።

«አሁን ማን ነው የሚያበስለው?» ብለሽ ልከሻል። እኔ ነኝ። አዎ፣ እኔ አንሙት።

አንቺን ባልሽ ለሆድሽ ፈርቶ ከእምዬ ቀብር ማግስት በበቅሎ ጭኖ ስለወሰደሽ ከዚያ ወዲህ የሆነውን አታውቂም። ቄሱና ጎረቤታችን እትዬ ማሬ ቁጭ ብለው መከሩ። አባባ ማርቆስ ከተማ ባለው የጣልያን ግቢ ታስረዋል፣ ጠመንጃ ደብቀሃል ተብለው። ደረታቸውን ያማቸዋል፣ አጠገባቸው አንድ ዘመድ የለም። ሰው መርዶውን የሚሰማው በማለዳ፣ ዘመዶቹ ከበውት፣ ሲወድቅ የሚይዘው እያለ ነው። ብቻውን ለታሰረ ሰው «ሚስትህ ሞተች» ተብሎ አይነገርም። ስለዚህ እስኪፈቱ ድረስ አይሰሙም ተባለ።

ደግ። ግን እምዬ በየቅዳሜው አገልግሉን አዝላ ትሄድ አልነበር? አገልግሉ ከቀረ አባባ ያውቃሉ። ወጡ የጎረቤት ከሆነም ያውቃሉ። እንጀራው አያስቸግርም፤ እምዬን ጢሱ ዓይኗን ማመም ከጀመረ ወዲህ የምትጋግርልን እትዬ ማሬ ናት፣ አባባም ለምደውታል። ነገሩ ወጡ ላይ ነው። እትዬ ማሬ «ወጡንም እኔው ልሥራው» ብላ ነበር። አይሆንም አልኋት። የእሷን ወጥ አባባ ዓይናቸውን ጨፍነው ይለዩታል፤ ስንት የማኅበር ቀን በልተውታል። እኔ ግን የእምዬ ልጅ ነኝ። ስትሠራ እያየሁ ነው ያደግሁት፤ ወጡ እስኪደርስ እጠብቅ ስለነበር ማለቴ ነው።

ደግሞ እምዬ አንድ ማሰሮ በርበሬ ትታልናለች፣ በመስከረም የደለዘችውን። የነጠረ ቅቤዋም በቅል አለ። የእሷ በርበሬ እስካለ ድረስ የእሷ ወጥ ነው። ሌላው ጉልበት ነው፤ ጉልበት ደግሞ ታውቂያለሽ።

የመጀመሪያውን ቅዳሜ ሽሮ ሠራሁ። ሳልቀምስ ነው የሠራሁት፤ አንደኛ ጾም ነው፣ ሁለተኛ እኔ መቅመስ አያስፈልገኝም። ጎህ ሲቀድ ተነስቼ ማርቆስ ገባሁ። ዕቃ ግቢ ውስጥ አያሳድሩም፤ እስረኛው በልቶ እስኪጨርስ በር ላይ ጠብቀሽ አገልግልሽን ትቀበያለሽ። በሩ ላይ ያለው ባንዳ አበረ ይባላል፣ የአማኑኤል ከተማ ሰው ነው፣ መርዝ እንዳይኖርበት ብሎ ከሁሉም ይቀምሳል። የኔን ሁለት ጊዜ ቀመሰ። አባባን ከሩቅ አየኋቸው። «እግሯ አብጦ ነው፣ መንገድ ስላልቻለች እኔን ላከችኝ» ብዬ በአጥር ማዶ ጮኽሁ። እጃቸውን አነሱ። አገልግሉ ሲመለስ ተጠርጎ ነው የመጣው፤ ጥርግ ብሎ።

በነገራችን ላይ፣ ሽሮ የሚጓጉል ለምንድን ነው? እኔ አይደለሁም የምጠይቅሽ፤ እትዬ ማሬ እንድታውቀው ብዬ ነው።

አማትሽን ሰላም በይልኝ። አባባ ከእናንተ ቤት በተመለሱ ቁጥር «የሥራነሽ አማት ወጥ ሽቱ ሽቱ ይላል» እያሉ የሚስቁትን ግን አትንገሪያት።

ወንድምሽ አንሙት አዳሙ


ሉማሜ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 1931 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአንሙት

ይህን የሚጽፉልኝ መሪጌታ ፍቅረ ሥላሴ ናቸው። የአንተን ደብዳቤ ሲያነቡልኝ ሁለት ጊዜ እየሳቁ አቋረጡት። እኔ ግን መጀመሪያ ሳቅሁ፣ ኋላ አለቀስሁ፣ ኋላ ደግሞ ሳቅሁ።

ስለ ጤናዬ አትጨነቅ። እግሬ ያብጣል፣ ሌላ ምንም የለብኝም። ባለቤቴ ከግቢ እንዳልወጣ ከልክሎኛል። እኔ ነበርሁ እዚያ ምድጃ ሥር መቀመጥ የነበረብኝ፤ ይቅር በለኝ። 

የእትዬ ማሬ ሽሮ የሚጓጉለው ዱቄቱን ባንድ ጊዜ ስለምትዘረግፈው ነው። ውሃው ሲፈላ በአንድ እጅዋ እየነሰነሰች በሌላው ታማስለው። ማማሰሉን ትታ ከሚያልፍ ሰው ጋር ወሬ አትጀምር። እሳቱንም ታብርደው። ሽንኩርት ስታቁላላም ውሃ ጠብ እያደረገች፣ ቀስ ብላ፣ ሽንኩርትነቱ እስኪጠፋ ትጠብቅ። እምዬ አንድም ቀን ስትቸኩል አይቻት አላውቅም። እትዬ ማሬ ችኩል ናት፣ ከልጅነቷ ጀምራ ችኩል ናት፣ ጉረኛም ናት። ይህን ንገርልኝ።

ለገና ዶሮ ልሠራ ነው ብለህ በቃል ልከህልኛል። በጨውና በሎሚ ሰባት ጊዜ እጠባት። አሥራ ሁለት ብልት ነው የምታወጣው፤ አሥራ አንድ ከወጣ አንዱን አበላሽተሃል። ፈረሰኛው የአባወራው ነው፣ እንዳይሰበርብህ።

የአባባ ሳል እንዴት ነው? አንተ ስለ ወጡ ብቻ ነው የጻፍኸው።

እህትህ ሥራነሽ

(እኔ ጸሐፊው ፍቅረ ሥላሴ እጨምራለሁ፤ የመምህር አለንጋ መንጠቅ ንስሐ ያስፈልገዋል።)


ጥር 4 ቀን 1931 ዓ.ም.

ለእታለም ሥራነሽ

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሰሽ። መሪጌታን ንስሐዬን በወጥ እከፍላለሁ በያቸው።

ለጠየቅሽው ሁሉ በተራ ልመልስ። አሥራ ሁለት ወጥቷል። የመጀመሪያዋ ዶሮ አሥራ አራት ነበር የወጣት፤ እሷን ከእትዬ ማሬ ጋር በልተናታል። የሁለተኛዋ ግን አሥራ ሁለት ልክ፣ ፈረሰኛው እንደ ተፈጠረ። ሽንኩርቱን ከጧት እስከ ቀትር አቁላላሁት። ዓይኔ እንዴት እንዳበጠ ብታዪ። መንግስቱ የሚባለው የጎረቤት ጎረምሳ በበር ብቅ ብሎ «አንሙት፣ ማን ነው ያስለቀሰህ?» አለ።

«ሽንኩርት ነው» አልሁት።

«ቀሚስ ላሰፋልህ ወይ?»

«አሰፋልኝ፤ አንተን ገርፌ ስጨርስ እቀይረዋለሁ» ብዬ ማማሰያውን ይዤ ወጣሁ። እስከ ወንዙ ሸኘሁት። ማታውን እናቱ ልካው መጣ፤ ዶሮ ወጡ እንዴት ሸተተ ብላ። ሰጠኋት። ምን ላድርግ?

የገና ዕለት ቅዳሜ ነበር፣ ታውቂያለሽ። አበረ አንድ ጊዜ ጎረሰና ጣቱን ላሰ። ከዚያ «እናትህ ባለሙያ ናት» አለኝ። እኔም «ናት» አልሁ። ሌላ ምን እላለሁ? አፌን እንደ ምላጭ ቆረጠኝ።

የአባባ ሳል ያው ነው። አጥሩ ጋ ሆነው «እግሯስ?» አሉኝ። «ይሻላታል» አልሁ። አገልግሉ ባዶውን ነው የተመለሰ። እንደ ሁልጊዜው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እንዲያው ለወሬ ነው። ሰው ወጥ ጣፍጦት እያለ ሊያስተርፍ ይችላል ወይ? አንድ እስረኛ አለ፣ ቤተሰቦቹ የሚያመጡለትን ሁልጊዜ ያስተርፋል አሉ። ምን ይመስልሻል?

ማሰሮው እየጎደለ ነው። እኔ ብዙ አልጨምርም፤ ግን በርበሬ ነው፣ ሳይጨመር አይሆንም።

ወንድምሽ አንሙት


የካቲት 9 ቀን 1931 ዓ.ም.

ለእታለም

ሰላምታው በመንገድ ይድረስሽ። ቸኩያለሁ፤ የሉማሜ ነጋዴዎች በር ላይ ቆመው ይጠብቁኛል።

በርበሬው አለቀ። ማሰሮውን ገልብጬ በእጄ ጠረግሁት፣ ከዚያ ሙቅ ውሃ ጨምሬ አጥቤ ውሃውን ወጥ ውስጥ ጨመርሁት። ያለፈው ቅዳሜ ከዚያው ከውሃው የሠራሁት ምስር ነው የሄደላቸው። ከዚህ በኋላ የለም።

ጾሙ ገብቷል፤ ቅቤ እንኳ የለ የሚሸፋፍንልኝ። በርበሬውን ራሴ መደለዝ አለብኝ። ዛላውን ከይጁቤ ገበያ አምጥቻለሁ። እምዬ ምን ምን ታደርግ ነበር? ነይና አሳዪኝ አልልሽም፤ ሆድሽን አውቃለሁ። ግን ሁሉንም አስጽፊልኝ፣ አንድም ሳታስቀሪ። እጇ ካልመጣልኝ አባባ ያውቃሉ። ካወቁ ደግሞ እዚያ ውስጥ፣ ብቻቸውን፣ የሚይዛቸው ሰው ሳይኖር ነው የሚያውቁት። ይሄ በሕልሜ እየመጣብኝ ነው።

ለማንም እንዳትነግሪ፣ ፈርቻለሁ።

አንሙት


ሉማሜ፣ የካቲት 15 ቀን 1931 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአንሙት

አትፍራ። ነጋዴው ዛሬውኑ ስለሚመለስ ባጭሩ ነው የማስጽፈው።

የዛላውን ቁንጮ ቀንጥስ። የበሰበሰውን ለይ። ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ አስጣው። ነጭ ሽንኩርቱን ልጠህ፣ ዝንጅብሉን፣ ጤና አዳሙን፣ በሶብላውን ከበርበሬው ጋር በሙቀጫ ውቀጠው። ሲወቀጥ ዓይንህን በእጅህ አትንካ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምትነካው፣ ከዚያ ትማራለህ። የተወቀጠውን ሸፍነህ አሳድረው፣ ከዚያ ደግሞ አስጣው። ጥቁር አዝሙዱን፣ ነጭ አዝሙዱን፣ ኮረሪማውን፣ ጨውን ለየብቻ አመስ አድርገህ ጨምር። ኮረሪማው ላይ እጅህ አይጠር፤ መዓዛውን የሚያወጣው እሱ ነው። ከዚያ በወፍጮ መፍጨት ነው። ለእሱ እትዬ ማሬን ጥራ። ወንድ ወፍጮ ላይ ተንበርክኮ ቢታይ አገሩ ሁሉ ዘፈን ያወጣብሃል።

እኔ እንደማውቀው ይኸው ነው። ያስቀረሁት የለም።

ያን የሚያስተርፈውን እስረኛ ጠይቀኸኝ ሳልመልስልህ ቀረሁ። ምናልባት ታሞ ይሆናል። ወይ ለሰው የሚያስቀምጠው አለው። ምን አውቃለሁ?

እህትህ ሥራነሽ


መጋቢት 10 ቀን 1931 ዓ.ም.

ለእታለም ለሥራነሽ፣ ለበርበሬ መምህሬ

ዛሬ ሰላምታዬ ረጅም ነው፣ ደስ ብሎኛልና። እንደምን ነሽ? ባልሽ፣ አማትሽ፣ መሪጌታ፣ በጎቹ፣ ውሾቹ፣ ሁሉም እንደምን ናቸው?

መጀመሪያ በነጋዴው አፍ ለጠየቅሽኝ፤ አዎ፣ እኔው ነኝ የፈጨሁት። እትዬ ማሬ ጀመረችና ወገቧን ያዛት። ገፋ አድርጌያት ተንበረከክሁ። ሰዉ ሊያየኝ ተሰበሰበ። ይታይ! ሦስት ሴት ሁለት ቀን የሚፈጅባቸውን እኔ በአንድ ቀን ጨረስሁት። ዘፈኑም ወጥቷል፤ ለአንቺ አልጽፈውም፣ መሪጌታ ያነቡታል። ዓይኔንም ነክቻለሁ። እውነትሽን ነው፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

አሁን ስሚኝ። አንድ የደበቅሁሽ ነገር አለ። አገልግሉ ተጠርጎ ይመለሳል ያልሁሽ ውሸት ነበር። ከመጀመሪያው ቅዳሜ ጀምሮ አንድም ቀን ተጠርጎ አልመጣም። ሁልጊዜ አንድ ጥቅልል እንጀራ፣ ወጡ እንዳለበት፣ በጥጉ በንጹሕ ተሸፍኖ ይመለሳል። ያ የሚያስተርፍ እስረኛ ያልሁሽ አባባ ናቸው። የገና ዕለት ምን እንዳስተረፉ ታውቂያለሽ? ፈረሰኛውን። አሥራ ሁለቱን ብልት ያወጣሁለትን፣ ዓይኔ የጠፋበትን፣ የራሳቸውን ድርሻ።  ወጤ አልጣፈጣቸውም ማለት ነው፣ ለእምዬ አፍረው ነው ጥቂት የሚቀምሱት አልሁ። ተናድጄ የተረፈውን ለእኔም አፍ አይሆንም ብዬ በየቅዳሜው በማርቆስ ቤተ ክርስቲያን በር ለምትቀመጠው ዓይነ ስውር እሰጣት ነበር። ለአንቺ መናገር ደግሞ አፈርሁ። እኔ አንሙት፣ ወጤ ተረፈ ብዬ?

በርበሬዬ እስኪደርስ አልጫ ብቻ ስወስድ ከረምሁ፤ ያለፈው ቅዳሜ ግን፣ የራሴ በርበሬ የገባበት የመጀመሪያው ሽሮ የሄደ ጊዜ፣ አገልግሉ ባዶውን መጣ። ደነገጥሁ። ተሳስተው ነው አልሁ። ትናንት ደግሞ ክክ ወጥ ወሰድሁ። አሁንም ባዶ። ተጠርጎ፣ ጥጉ ድረስ፣ እንጀራ ያረፈበት አይመስልም። አየሽ? የእምዬን በርበሬ አስተረፉ፣ የኔን ጨረሱ። ነፍሷን ይማርና፣ በልጫታለሁ። በሰማይ ብትሰማኝም አትቆጣኝም፤ ልጇ ነኝ።

አበረ ግን አንድ ነገር አለኝ። «አባትህ ዛሬ ሲበሉ ማንንም አላናገሩም» አለ። ስለጣፈጣቸው ነው።

ወጥ አዋቂው ወንድምሽ አንሙት


ሉማሜ፣ መጋቢት 16 ቀን 1931 ዓ.ም.

ለአንሙቴ

ይህን ስታነብ ተቀመጥ። እኔም ተቀምጬ ነው የማስጽፈው። መሪጌታም ብዕራቸውን ሁለት ጊዜ አስቀምጠው ነው የጨረሱት።

አባባ አውቀዋል።

ያ በጥጉ የሚቀረው ወጥህ ስላልጣፈጠ አልነበረም። የእምዬ ድርሻ ነበር። ባዶውን ይመለሳል ስትለኝ አንተ በመንገድ የምትበላው መስሎኝ ነበር። አባባ በሕይወታቸው ገበታ ጠርገው አያውቁም። ከሚጥማቸው ላይ ቀንሰው በመሶቡ ጥግ ያስቀምጡላታል፣ እሷም ሁላችሁ ከተነሳችሁ በኋላ ምድጃው ሥር ተቀምጣ ትበላዋለች። አንተ እኮ በልተህ፣ አፍህን ጠርገህ ትወጣለህ፤ ከኋላህ ማን ምን እንደሚበላ መቼ አይተህ ታውቃለህ? ልወቅስህ አይደለም። ወንዶች ሁላችሁም እንደዚያው ናችሁ። አባባ ሲታሰሩም አልተዉትም። እምዬ ነግራኛለች፤ አገልግሉን ተቀብላ ስትመለስ ከማርቆስ መውጫ ከወንዙ ማዶ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ያስቀመጡላትን ትበላ ነበር። «ካገባሁ ወዲህ በልቼ የማልጠግበው ይኼን ብቻ ነው» ትለኝ ነበር። እግሯ አብጦ ቤት ተኝታለች ስትላቸው ደግሞ ወደ ቤት ትወስድላታለህ ብለው ነው ሲልኩላት የከረሙት። ፈረሰኛውንም ለገና የላኩት ለእሷ ነው።

አሁን አገልግሉን ጠረጉት። የሚያስቀምጡለት ሰው እንደሌለ ስላወቁ ነው።

ያስታወቅኋቸው እኔ ነኝ። ኮረሪማ ብዬ ያስጻፍሁልህ የአማቴ እጅ ነው። እምዬ ኮረሪማ በቅቤ እንጂ በበርበሬ አታደርግም፤ ይህ ትዝ ያለኝ ደብዳቤህ ከተነበበልኝ በኋላ ነው። እኔ በአሥራ ሁለት ዓመቴ ነው የተዳርሁት፣ አንሙቴ። የእምዬን ምድጃ የማውቀው በልጅ ዓይን ነው። የማውቀው ሙያ ሁሉ የአማቴ ነው፣ እኔ ደግሞ የእናቴ ይመስለኝ ነበር። አባባ «ሽቱ ሽቱ ይላል» እያሉ ሲስቁበት የኖሩት በርበሬ ነው የሄደላቸው። አንድ ጉርሻ ነው የበቃቸው። ሥራነሽ ናት ያስተማረችው አሉ፤ ሥራነሽ ካስተማረች እናቲቱ የለችም አሉ።

ለማኟን አስበህ አትዘን። ዓይነ ስውር አብልተሃል፤ ሳታውቀው ለእምዬ ነፍስ ሰጥተሃል። የደረሳት እንደዚያ ነው።

አሁን ሂድ። አገልግል ይዘህ ሂድ፣ ውሸት ግን አትያዝ። ብቻቸውን እንዳይሆኑ አብረሃቸው አልቅስ፣ በአጥሩም ማዶ ቢሆን። እኔ መምጣት አልችልም፤ ቀኔ ደርሷል። ስለ እኔም አልቅስ።

ሥራነሽ


መጋቢት 24 ቀን 1931 ዓ.ም.

ለእታለም

ሄጄ ነበር። የሆነውን እንደሆነው እነግርሻለሁ፣ አልጨምርበትም።

አበረ ሲያየኝ አገልግሉን አልቀመሰም። «ና» ብሎ እስከ አጥሩ ሽቦ ድረስ ወሰደኝና ፊቱን አዙሮ ቆመ። አባባ መጡ። ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ጠጉራቸውን አልተላጩም።

በመንገድ ያዘጋጀሁት ብዙ ንግግር ነበር። እሳቸው ቀደሙኝ።

«በርበሬውን ማን አስተማረህ?» አሉኝ።

«እታለም።»

«አማቷ ናት ያስተማረቻት» አሉ። ከዚያ «መቼ ነው ያረፈችው?»

«በኅዳር ሚካኤል።»

በጣታቸው ቆጠሩ። «አርባዋ ወጥቷል። ተዝካሯን አወጣችሁ?»

«እንደ አቅማችን» አልሁ። ከዚያ አልቻልሁም። «ብቻዎን ሰሙ፣ አባባ። ብቻዎን እንዳይሰሙ ብለን ነበር» ብዬ ሽቦውን ያዝሁት። እንደ ሕፃን ነው ያለቀስሁ፤ ጣልያኑ ከላይ ቆሞ ያያል፣ ግድም አልነበረኝ።

እሳቸው ናቸው ያባበሉኝ። «ብቻዬን አልሰማሁም» አሉኝ። ያን ሽሮ የቀመሱ ዕለት አብረዋቸው ለታሰሩት ሰዎች ነገሩ። ሰዎቹ መከሩ። በነጋታው ገና በማለዳ አንድ ሽማግሌ እስረኛ ከሌሎቹ ጋር ሆነው አባባን ቀሰቀሷቸው፣ ከበው አስቀመጧቸው፣ አባባ ራሳቸው የነገሯቸውን መርዶ መልሰው ለእሳቸው ነገሯቸው። «አዳሙ፣ ባለቤትህ ጥላነሽ አርፋለች» ብለው። ሁለት ሰዎች ክንዳቸውን ይዘዋል፤ ሊወድቁ ሲሉ ያዟቸው። ሦስት ቀን ሙሉ ተቀመጡላቸው። ከየአገልግላቸው አዋጥተው አበሏቸው። አየሽ እታለም፣ ሥርዓቱ አልቀረም። ዘመድ አልነበረም፣ ግን ሰው ነበር።

«ለምን አልነገሩኝም?» አልኋቸው።

«"እግሯስ?" ስልህ "ይሻላታል" ስትል ፊትህን አየሁት። በራስህ አንደበት እስክትነግረኝ ልጠብቅህ አልሁ» አሉኝ።

ከዚያ «እና ወጡን ማን ነው የሚሠራው?» አሉ።

ጎንበስ ብዬ የአገልግሉን ጠፍር ማጥበቅ ጀመርሁ።  አበረ ነው ፊቱን ሳያዞር የመለሰው። «እሱ ነው እንጂ ሌላ ማን አለ? ጢስ ጢስ ይሸታል፣ አይሸትዎትም?»

 አባባ እጄን በሽቦው ቀዳዳ ጎትተው መዳፌን ገለበጡት፤ ከወፍጮው የቀረው ቁስል ገና አልሻረም። አውራ ጣታቸውን አሳረፉበት።

«ጨው ታበዛለህ» አሉኝ።

ይኸው ነው። አገልግሉ ባዶውን ተመለሰ። በድንጋዩ በኩል ስመለስ አየሁት። አልተቀመጥሁበትም።

አንሙት


ሚያዝያ 3 ቀን 1931 ዓ.ም.

ለእታለም ለሥራነሽ፣ ለአራሷ

እንኳን ማርያም ማረችሽ። ነጋዴው መልእክትሽን ያደረሰኝ የሆሳዕና ማግስት ነው፤ ሴት ናት ሲለኝ አቀፍሁት፣ ሽንኩርት ሽንኩርት አልሁበት። እትዬ ማሬ እልል ብላ ጎረቤቱን ሰበሰበች። ዘፈኑን ያወጡብኝ ሴቶች ሁሉ መጥተው ለአንቺ ብለው ጨፈሩ።

«ገንፎ ማን ያገነፋልኛል፣ እናት የለኝ» ብለሽ አስጽፈሻል። እኔ እመጣለሁ። ከዳግም ትንሣኤ በኋላ እነሳለሁ፣ የቡሬዋን ቅቤ ይዤ። እትዬ ማሬ ገንፎ አሳይታኛለች፤ ሦስት ጊዜ አቃጠልሁት፣ አራተኛው ሆኗል። አማትሽን ከምድጃው ትንሽ ፈቀቅ እንድትል ለምኚያት፤ ስለ በርበሬውም ስለ ሽቱውም ይቅርታ ልጠይቃት እፈልጋለሁ። አስተምራሻለች፣ አንቺም አስተምረሽኛል፤ የእሷ እጅ ባይኖር ያን ሁሉ ጾም አባባ ምን ይበሉ ነበር?

ስለ ትንሣኤው ጠይቀሽኛል። ዶሮ ሠራሁ። በምን በርበሬ ብለሽ እንደምትጨነቂ አውቃለሁ። የእምዬም አይደለም፣ የአማትሽም አይደለም። ኮረሪማውን ግማሽ ብቻ አድርጌ ለትንሣኤ ብዬ እንደ አዲስ ደለዝሁት። ምን እንደሚባል አላውቅም። አሥራ ሁለት ብልት፣ በአንድ ዶሮ፣ ሌላ ዶሮ ሳላበላሽ። አሁንም ሳልቀምስ ነው፤ ጾሙ ገና አልተፈታም ነበር።

የበዓሉ ዕለት እሑድ ደረስሁ። አበረ በዓል ነው ብሎ ሁለት ጊዜ ጎረሰ። ልጅሽ መወለዷን ለአባባ ነገርኋቸው። ሽቦውን ይዘው «የእናቷን ዓይን ይዛ ይሆን?» አሉ። አላውቅም፣ ሄጄ አይቼ እነግርዎታለሁ አልኋቸው። ከዚያ ሊበሉ ገቡ። እኔ በር ላይ ጠበቅሁ።

አገልግሉ ሲመለስ እንደ ባዶ አልቀለለኝም። አበረን አየሁት።

«አትየኝ» አለ። «ለአብሳዩ ነው ብለውሃል።»

በመንገድ አልከፈትሁትም። ማርቆስን ወጣሁ፣ ወንዙን ተሻገርሁ፣ ድንጋዩ ጋ ስደርስ ተቀመጥሁና ከፈትሁት። በጥጉ፣ በእንጀራ ተጠቅልሎ፣ ፈረሰኛው።

በላሁት እታለም። ቀስ ብዬ፣ ሌላው ከተነሳ በኋላ እንደሚበላ ሰው።

እውነታቸውን ነው። ጨው በዝቶበታል።

ወንድምሽ አንሙት